ሒሳቡ በአዲስ ዘመን፣ ዕቃው በይፋግ፦ በትምህርት ቤት ንብረት የሶፍትዌር አመዘጋገብና አፈላለግ ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ወረታን አልፎ፣ የርብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ አዲስ ዘመን ሲያቀና ይፋግን ያገኛል። ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በበጌምድር ከታወቁት የገበያ ቦታዎች አንዱ ነበር። በእንዲህ ያለ ገበያ የሚውል ነጋዴ ስለ ሸቀጡ ሁለት ነገር ጠንቅቆ ማወቅ ነበረበት፤ ስንት እንዳለውና የት እንዳስቀመጠው። ብዛቱን እያወቀ ቦታውን የማያውቅ ነጋዴ ገዢ ቆሞ ሲጠብቀው ጆንያ ሲፈታ ይውላል፤ ገዢውም ወደ ሌላው ይሄዳል።

ዛሬ ይፋግ የሊቦ ከምከም ወረዳ አካል ሲሆን የወረዳው ዋና ከተማ አዲስ ዘመን ነው። በወረዳ ደረጃ በተዘረጋው፣ በተለምዶ «ፑል» በሚባለው አሠራር የልዩ ልዩ ሴክተር መሥሪያ ቤቶች ሒሳብ ተጠቃሎ የሚያዘው በወረዳው የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ነው። ከዚህም የተነሣ የትምህርት ቤቱ ዴስክ፣ ማይክሮስኮፕ፣ ኮምፒዩተርና መጽሐፍ በይፋግ ሲገኝ፣ ለግዥው የወጣው ገንዘብ ግን በአዲስ ዘመን ኮምፒዩተር ውስጥ ይመዘገባል። ይህ የሥራ ክፍፍል በራሱ ጉድለት አይደለም። ጉድለቱ የሚታየው አንድ መምህር ወይም አንድ ዕቅድ አውጪ «ይህ ዕቃ የት ነው? ይሠራል? በማን እጅ ነው?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ከሁለቱ ቦታዎች አንዱም መልስ ሳይሰጠው ሲቀር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የትምህርት ተቋማት ቋሚ ንብረት በሒሳብ ሶፍትዌር የሚመዘገብበትንና የሚፈለግበትን መንገድ መመርመር ነው። ዋናው ነጥብም በአጭሩ እንዲህ ሊገለጽ ይችላል፤ የንብረት መዝገብ የሚመዘነው በውስጡ በገባው ነገር ብዛት ሳይሆን ሲጠየቅ በሚመልሰው መልስ ነው። እስካሁን የሚታየው ልማድ ግን ለመመዝገብ ብዙ ሲደክም ለመፈለግ እምብዛም ያላሰበ ነው።

1. ዝርዝር ከሒሳብ ይቀድማል

ንብረትን ዘርዝሮ መያዝ ከውጭ ከመጣ የሒሳብ ትምህርት ጋር የገባ አዲስ ነገር ተደርጎ አንዳንድ ጊዜ ይታያል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ንዋየ ቅድሳትና ርስት በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ሲመዘገብ ኖሯል። «ወንጌል ዘወርቅ» የሚባሉት መጻሕፍት ከንባባቸው ባሻገር የንብረትና የስጦታ መዝገብ በመሆንም አገልግለዋል። በቤተ መንግሥትም የግምጃ ቤቱ ጠባቂ «በጅሮንድ» የሚል ማዕረግ ነበረው። የቤተ ክርስቲያኑ ዝርዝር የተጻፈው ለድምር አልነበረም። ከተሿሚ ወደ ተሿሚ ርክክብ ሲደረግ የትኛው መስቀል፣ የትኛው ጽና፣ የትኛው መጽሐፍ እንዳለ ለይቶ ለማወቅ ነበር።

በአውሮፓም ቢሆን ስለ ሁለትዮሽ የሒሳብ አመዘጋገብ በማተሚያ ቤት ታትሞ በወጣው የመጀመሪያው ሰፊ ትምህርት፣ ሉካ ፓቾሊ በ1494 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ድርሳን፣ ነጋዴው ከሁሉ አስቀድሞ እንዲሠራ የታዘዘው ያለውን ንብረት ሁሉ መዘርዘር ነበር። የዕለት መዝገቡና ዋናው መዝገብ የሚከተሉት ከዚያ በኋላ ነው። በሁለቱም ልማዶች ዝርዝሩ መሠረት፣ ሒሳቡ ደግሞ በዝርዝሩ ላይ የሚታነጽ ሕንፃ ነበር ማለት ይቻላል። በዘመናችን የመንግሥት ሒሳብ አያያዝ ውስጥ ይህ ቅደም ተከተል ተገልብጧል። አስቀድሞ የሚታየው ወጪው ነው፤ ዕቃው ወጪውን ተከትሎ ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ጭራሹን አይመጣም።

2. ከካርድ ወደ ኮምፒዩተር

በትምህርት ቤት ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ሁሉ ሞዴል 19ን እና ሞዴል 22ን ያውቃቸዋል። ዕቃ ገቢ ሲሆን በሞዴል 19 ይመዘገባል፤ ወጪ ሲሆን በሞዴል 22 ተፈርሞ ይወጣል። በመካከል ስቶክ ካርድና ቢን ካርድ አሉ። ይህ ሥርዓት ጠንካራ ጎን አለው፤ ማንኛውም ዕቃ ያለ ፊርማ አይንቀሳቀስም። ነገር ግን የወረቀት ካርድ በአንድ ሣጥን ውስጥ ሊደረደር የሚችለው በአንድ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። በዕቃ ዓይነት የተደረደረ እንደሆነ «በመምህር እገሌ እጅ ምን አለ?» ለሚል ጥያቄ መልስ ለማግኘት ሣጥኑን ሁሉ ማገላበጥ ያስፈልጋል። በተረካቢ ስም የተደረደረ እንደሆነ ደግሞ «በትምህርት ቤቱ ስንት ማይክሮስኮፕ አለ?» የሚለው ጥያቄ የግማሽ ቀን ሥራ ይሆናል።

ኮምፒዩተር ከካርድ የሚበልጥበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው። አንድ ጊዜ በሥርዓት የተመዘገበ ዝርዝር በዕቃ ዓይነት፣ በቦታ፣ በተረካቢ፣ በግዥ ዓመት ወይም በደኅንነቱ ሁኔታ፣ በፈለጉት መንገድ ሊጠየቅ ይችላል። ስለሆነም ሶፍትዌሩ ሲገባ መታሰብ የነበረበት የመጀመሪያው ነገር ወደፊት የሚቀርቡት ጥያቄዎች ነበሩ።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሒሳብ ወደ ኮምፒዩተር የተሸጋገረው በሌላ ጥያቄ ተመርቶ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ይካሄድ በነበረው ያልተማከለ አስተዳደር ድጋፍ ፕሮጀክት አማካይነት «አይቤክስ» የተባለው ሶፍትዌር ተዘጋጅቶ ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እስከ ወረዳ ተዘረጋ። ስሙ ራሱ የተቀናጀ የበጀትና የወጪ ሥርዓት ማለት ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ያስገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም። ለወረዳ በጥቅል የሚደርሰው በጀት በምን ላይ እንደዋለ በወቅቱ ማወቅ የተቻለው በእርሱ ነው። ጥያቄው ግን «ገንዘቡ በየትኛው አርዕስት ወጣ?» የሚል ነበር፤ «ዕቃው አሁን የት ነው?» የሚል አልነበረም።

ልዩነቱን በሒሳብ መደቦች ላይ ማየት ይቻላል። በመንግሥት የሒሳብ መደብ 6313 የፕላንት፣ የማሽነሪና የመሣሪያ ግዥ የሚመዘገብበት ነው፤ 6314 ደግሞ የሕንፃ፣ የቤትና የቢሮ ዕቃና የተገጣጣሚ ነገሮች ግዥ ነው። በዚህ አከፋፈል ማይክሮስኮፕ፣ ኮምፒዩተርና ጄኔሬተር በአንድ መደብ ይጠቃለላሉ፤ የተማሪ ዴስክ፣ መደርደሪያና የተገዛ ሕንፃም እንዲሁ። በዓመቱ መጨረሻ ላይ በ6313 ምን ያህል ብር እንደወጣ ሶፍትዌሩ እስከ ሳንቲሙ ይናገራል። ከዚያ ብር ውስጥ ስንቱ ማይክሮስኮፕ እንደሆነ ግን መደቡ አያውቅም።

ከዚህም በላይ ሒሳቡ የሚያዘው በተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ መሠረት ስለሆነ፣ ቋሚ ንብረት በተገዛበት ዓመት በሙሉ እንደ ወጪ ተቆጥሮ ሒሳቡ ይዘጋል። ሐምሌ 1 ቀን አዲሱ የበጀት ዓመት ሲጀምር ዕቃው ከሒሳቡ ዓለም ወጥቷል። በክፍሉ ውስጥ ግን ለ10 ወይም ለ15 ዓመት ይኖራል። ትምህርት ቤቱ ዕቃውን የሚፈልገው ሒሳቡ ዕቃውን በረሳባቸው በእነዚያ ዓመታት ነው።

አንድ ሌላ ነገርም መታወቅ አለበት። የትምህርት ቤት ንብረት ሁሉ በግዥ የተገኘ አይደለም። ወላጆች በገንዘብና በጉልበት የሠሩት መማሪያ ክፍል፣ የአካባቢው ሕዝብ ያዋጣው ዴስክ፣ የቀድሞ ተማሪዎች የላኩት ኮምፒዩተር፣ ግብረ ሠናይ ድርጅት ያበረከተው መጽሐፍ አለ። ይህ ሁሉ ጥሬ ገንዘብ ሆኖ በወረዳው ካዝና ስላላለፈ በወጪ ሒሳብ አይታይም። ሞዴል 19 ከተቆረጠለት በወረቀት ይኖራል፤ ካልተቆረጠለት በሰው ትዝታ ብቻ ይኖራል። በወጪ ላይ የተመሠረተ ሶፍትዌር ሕዝቡ ለትምህርት ቤቱ ያደረገውን አስተዋጽኦ ማየት አይችልም ማለት ነው።

3. ንብረት እንደ ሒሳብ አርዕስት

ችግሩ በመንግሥት ሶፍትዌር ብቻ የተወሰነ አይደለም። በሙያ ማሠልጠኛዎችና በኮሌጆች ለብዙ ዓመታት የሒሳብ ሶፍትዌር ትምህርት የተሰጠው፣ በብዙ የግል ትምህርት ቤቶችም የተሠራበት «ፒችትሪ» በተባለው ፕሮግራም ነው። በዚህ ፕሮግራም «ቋሚ ንብረት» እና «የተጠራቀመ እርጅና» የሒሳብ ዓይነቶች ስሞች ናቸው። ተማሪው «የቢሮ ዕቃ» የሚል አርዕስት ይከፍታል፤ የግዥውን ብር በአንድ ወገን፣ ባንክን በሌላ ወገን ይመዘግባል፤ ሚዛኑ ሲገጥም ሥራው ተጠናቀቀ ይባላል። ለሒሳብ ሚዛን በርግጥ ተጠናቋል። ሠልጣኙ ግን ጠረጴዛ ማለት አንድ የሒሳብ አርዕስት ነው ብሎ ይወጣል። ጠረጴዛው ቁጥር እንዳለው፣ ክፍል እንዳለው፣ እግሩ ሊሰበር እንደሚችል የሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ የለም።

የቋሚ ንብረት መዝገብ ከዋናው የሒሳብ መዝገብ የተለየ፣ ከእርሱ ጋርም የሚመሳከር ሌላ መዝገብ ነው። ዋናው መዝገብ አንድ ድምር ይይዛል፤ የንብረት መዝገቡ ድምሩን ያስገኙትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ይይዛል። ሁለቱ በየጊዜው ሲመሳከሩ የዕቃዎቹ ዋጋ ተደምሮ ከዋናው መዝገብ ድምር ጋር እኩል መምጣት አለበት። በልዩ ልዩ ተቋማት የሚታየው ሁለተኛው መዝገብ ሳይኖር በመጀመሪያው ብቻ መተማመን ነው። አንዳንዶችም ሁለተኛውን ሲያዘጋጁ «ዴስክ፣ 120፣ ይህን ያህል ብር» ብለው በአንድ መስመር ይጽፉታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ 30ው ቢሰበር፣ 20ው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ቢዘዋወር፣ መስመሩ እንደተጻፈ ይኖራል።

እዚህ ላይ ልክን ማወቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዱን ዴስክ በተለየ መስመር መመዝገብ ጊዜን ማባከን ሊሆን ይችላል፤ ለዴስክ በክፍል ስንት እንዳለ ማወቅ በቂ ነው። ማይክሮስኮፕ፣ ኮምፒዩተር፣ ማባዣ ማሽንና ጄኔሬተር ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መስመር፣ መለያ ቁጥርና የፋብሪካ ቁጥር ያስፈልጋቸዋል።

መለያ ቁጥሩም ቢሆን የሚዘወተር አንድ ስሕተት አለበት። ይኸውም ቁጥሩ ውስጥ የክፍሉን ወይም የሕንፃውን ምልክት ማስገባት ነው። ዕቃው በተዘዋወረ ማግሥት ቁጥሩ ሐሰተኛ ይሆናል፤ ቁጥሩን መቀየር ደግሞ የቀደመውን ታሪክ ይበጥሳል። ቁጥር ዕቃው እስኪወገድ ድረስ የማይለወጥ፣ ስለ ቦታም ሆነ ስለ ባለቤት ምንም የማይናገር መሆን አለበት። ቦታ ለብቻው የሚጻፍ፣ በተለወጠ ቁጥር የሚታደስ፣ የቀድሞውም የማይሰረዝ መረጃ ነው።

4. ዕቃው በየትኛው ስሙ ይፈለጋል?

መፈለግ ማለት ስም መጥራት ነው። እዚህ ላይ በአማርኛ የሚሠራ ተቋም ሌሎች እምብዛም የማያስቡበት ችግር ይገጥመዋል። የፊደላችን ሞክሼ ሆሄያት ለአንባቢ አያስቸግሩም፤ «ዕቃ» ተብሎ ቢጻፍም «እቃ» ተብሎ ቢጻፍም አንባቢ አንድ ነገር ይረዳል። ለኮምፒዩተር ግን ሁለቱ ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው። «መሥሪያ» ብሎ የመዘገበ ሰው «መስሪያ» ብሎ የሚፈልግ ተተኪው አያገኘውም። ያላገኘውም ሰው «የለም» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። ዕቃው በመደርደሪያ ላይ ሳለ በሪፖርት ጠፋ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ስሞቹ ራሳቸው ይለያያሉ። አንዱ «ኮምፒዩተር»፣ ሌላው «ኮምፒውተር»፣ ሦስተኛው በላቲን ፊደል ይጽፋል። አንዱ ማይክሮስኮፕን በስሙ ሲጽፍ ሌላው «አጉሊ መነጽር» ብሎ ከእጅ መነጽር ጋር ያደባልቀዋል። ከዚያም የቀደሙት ዓመታት መዝገቦች አሉ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት በርካታ ዓመታትም፣ በፓወር ግዕዝና በመሰል የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ዝርዝሮች የየራሳቸው የተለየ አደራደር ስለነበራቸው ፊደሉ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ። መዝገቡ አለ፤ የሚነበብ ግን አይደለም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ሠራተኛው የዕቃውን ስም በየጊዜው በገዛ ፈቃዱ እንዲጽፍ ከመተው ይልቅ ከተዘጋጀ የስም ዝርዝር እንዲመርጥ ማድረግ ይበቃል። ዝርዝሩን ማውጣት ያለባቸው ዕቃዎቹን በየዕለቱ የሚጠሯቸው መምህራን እንጂ ሶፍትዌሩን ያመጡት ባለሙያዎች ብቻ አይደሉም። የፍለጋው ፕሮግራምም ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ቆጥሮ እንዲፈልግ ማዘዝ ለፕሮግራም ሠሪው ቀላል ሥራ ነው። ሶፍትዌር የሚገዛ ተቋም ግን ይህን በግዥ ሰነዱ ላይ ካልጠየቀ ማንም አይሠራለትም።

5. ቦታና ሁኔታ፦ ከፎገራ ሜዳ የሚገኝ ትምህርት

ከይፋግ ወደ ወረታ ሲወረድ የሚያጋጥመው የፎገራ ሜዳ በሩዙና በከብቱ የታወቀ ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ከአልጋቸው ሲወጡ በጎርፍ የሚጥለቀለቅ ሜዳም ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በጣና ዙሪያ የደረሰው ጎርፍ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ጨምሮ ብዙ ቀበሌዎችን አጥለቅልቆ ሕዝብ አፈናቅሏል። በእንዲህ ያለ አገር የአንድ ዕቃ ቦታ ተራ መረጃ አይደለም። መጽሐፉ በወለል ላይ ነው ወይስ በመደርደሪያ? ኮምፒዩተሩ በሜዳው ትምህርት ቤት ነው ወይስ በከፍታው? ሰኔ ከመግባቱ በፊት ይህን ሊመልስ የሚችል መዝገብ ቢኖር፣ ክረምቱን ምን ወደ ከፍታ መሄድ እንዳለበት የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በአንድ ገጽ ዝርዝር ሊያዝ ይችላል።

ከጎርፉ በኋላም እንዲሁ ነው። የጠፋውን ለመተካት የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ምን እንደነበረው ማስረዳት አለበት። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በአማራ ክልል በርካታ ትምህርት ቤቶች ሲወድሙና ሲዘረፉ ይኸው ጥያቄ በሰፊው ተነሥቷል። መዝገቡ በትምህርት ቤቱ ሣጥን ውስጥ ብቻ የነበረ እንደሆነ ከዕቃው ጋር አብሮ ይጠፋል፤ በወረዳው ኮምፒዩተር ያለው ደግሞ የብር ድምር ብቻ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ቢያንስ በሁለት ልዩ ልዩ ቦታዎች መቀመጥ ይኖርበታል።

ስለ ዕቃው ሁኔታም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር በየመማሪያ ክፍሉ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ገብቷል። ይህ ዕቃ በመዝገብ ላይ አንድ ቃል ነው፤ «ፕላዝማ»። በሥራ ላይ ግን ሰንሰለት ነው። ሰሌዳው፣ መቀበያው፣ ሳሕኑ፣ ኬብሉና የኤሌክትሪክ ምንጩ ካልተሟሉ ትምህርቱ አይተላለፍም። ከሰንሰለቱ አንዱ በተበጠሰበት ትምህርት ቤት መዝገቡ «ፕላዝማ አለ» ይላል፤ ተማሪው ግን ጥቁር መስተዋት ፊት ለፊት ይቀመጣል። መዝገቡ አልዋሸም፤ ያልተጠየቀውን አልመለሰም እንጂ። «የሚሠራ»፣ «ቢጠገን የሚሠራ»፣ «ሊወገድ የሚገባው» የሚሉ ሦስት ቃላት ብቻ ቢጨመሩበት ለዕቅድ አውጪው አዲስ ከመግዛትና ከመጠገን አንዱን የሚያስመርጥ ማስረጃ ይሆን ነበር።

6. መምህሩና ቁልፉ

የዚህ ጉዳይ ክብደት በይበልጥ የሚታየው በሰዎች ላይ ነው። አንድ መምህር ሲዘዋወር ወይም ሥራ ሲለቅ ክሊራንስ ማግኘት አለበት፤ በስሙ የወጣ ዕቃ ሁሉ መመለሱ በፊርማ ይረጋገጣል። ሕጉ ትክክል ነው፤ የመንግሥት ንብረት ያለ ኃላፊ ሊቀር አይገባም። የፌዴራሉ መንግሥት የግዥና የንብረት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 649/2001ም ሆነ በ2016 ዓ.ም. የተተካው ዐዋጅ ቁጥር 1333 ንብረትን በአግባቡ መመዝገብንና መጠበቅን የመሥሪያ ቤት ግዴታ አድርገውታል፤ ክልሎችም በየራሳቸው ሕግ ይመራሉ።

ነገር ግን አንድ ሁኔታ ይታሰብ። መምህሩ በፈረመበት ሞዴል 22 ላይ ያለው ማይክሮስኮፕ ከ6 ዓመት በፊት ለሌላ ክፍል በቃል ተላልፏል፤ ተረካቢው ተዘዋውሯል፤ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛም ተለውጧል። መዝገቡ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ፈራሚ ብቻ ነው። መምህሩ ዕዳው የእርሱ እንዳልሆነ የሚያስረዳበት ወረቀት የለውም። ይህን ያየ ባልደረባው ከዚያ በኋላ ዕቃ ለመውሰድ አይፈርምም።

የንብረት ክፍሉ ሠራተኛም ከዚህ የተለየ ሐሳብ አይኖረውም። የተሰበረ ብርጭቆ በደመወዙ ሊቆረጥበት እንደሚችል የሚፈራ ሰው፣ የላቦራቶሪ ዕቃዎችን ቆልፎ ማስቀመጥን ይመርጣል። በቆጠራ ጊዜ ሁሉ ተሟልቶ ይገኛል፤ ኦዲተሩም ደስ ይለዋል። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን የሽንኩርት ቅርፊት ሕዋስን በሥዕል እንጂ በመስተዋት ሳያይ ያልፋል። ስለ መጥፋት ብቻ የሚጠይቅ መዝገብ ዕቃውን ከሌባ ያድነው ይሆናል፤ ከተማሪውም ያድነዋል።

እንግዲህ መዝገቡ ስለ አገልግሎትም ሊጠየቅ ይገባል። ዕቃው በዓመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ ወጣ? ለየትኛው ትምህርት? በሥራ ላይ ሳለ በተገቢ ምክንያት የተሰበረ ዕቃ በቀላል ቃለ ጉባኤ ከመዝገብ የሚወርድበት መንገድ አለ? እነዚህ ጥያቄዎች በመዝገቡ ውስጥ ቦታ ካላገኙ ሶፍትዌሩ የሚያደርገው የድሮውን ቁልፍ ማጥበቅ ብቻ ይሆናል።

7. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ የገጠር ትምህርት ቤት መብራትና ኮምፒዩተር ሳይኖረው ስለ ፍለጋ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ዝርዝሩ በትምህርት ቤቱ በወረቀት ተዘጋጅቶ በወረዳው ሊጻፍ ይችላል የሚል ነው። የሚያስፈልገው ቅጹ አንድ ዓይነት መሆኑ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ለትምህርት ስታቲስቲክስ የሚሞሉት ቅጽ በዚሁ መንገድ ከገጠር እስከ ሚኒስቴሩ ይደርሳል።

ሁለተኛው፣ ለዚህ የሚሆን ሶፍትዌር ውድ ነው የሚል ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት ጥቂት መቶ መስመር ያለው ዝርዝር ግን በተራ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ሊያዝ ይችላል። ሠንጠረዡ መለያ ቁጥር፣ ስም፣ የፋብሪካ ቁጥር፣ የተገኘበት መንገድ፣ ዓመት፣ ዋጋ፣ ቦታ፣ ተረካቢ፣ ሁኔታ የሚሉ ዓምዶች ካሉት ከማንኛውም ውድ ፕሮግራም ያላነሰ ይመልሳል። ሥነ ሥርዓት የሌለው ተቋም ውድ ፕሮግራም ቢገዛ ባዶ ዓምዶችን በውድ ገዛ ማለት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው፤ ይኸውም የሚያድሰው ሰው የለም የሚለው ነው። በርግጥም መዝገብ የሚሞተው በምዝገባው ቀን ሳይሆን ከመጀመሪያው ዝውውር በኋላ ነው። በሰኔ የሚካሄደው ዓመታዊ ቆጠራ ብቻውን ይህን አያድንም፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው የአምናውን ዝርዝር በመያዝ ነው። ቆጣሪው ከወረቀቱ ተነሥቶ ዕቃውን ይፈልጋል፤ በክፍሉ ውስጥ ያለ፣ በወረቀቱ የሌለ ዕቃ አይታየውም። ስለዚህ ቆጠራ በሁለት አቅጣጫ መሆን አለበት። ከወረቀት ወደ ዕቃ፣ ከዕቃም ወደ ወረቀት። ዕድሳቱንም ለሠራተኛው ቀላል የሚያደርገው የክፍል ኃላፊ መምህራን የየክፍላቸውን ዝርዝር በየመንፈቁ አይተው እንዲፈርሙ ማድረግ ነው። ዝርዝሩ በበሩ ጀርባ ከተለጠፈ ተማሪም ሊቆጥረው ይችላል።

ማጠቃለያ

ኢትዮጵያ በዐዋጅ ቁጥር 847/2006 የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትን በዓለም አቀፍ ደረጃዎች ላይ የመመሥረት መንገድ ጀምራለች። ዓለም አቀፉ የመንግሥት ዘርፍ የሒሳብ ደረጃ ንብረትን በተገዛበት ዓመት ከመርሳት ይልቅ በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ በመዝገብ ላይ እንዲቆይ ይጠይቃል። ይህ ለትምህርት ቤቶች መልካም አጋጣሚ ነው። ሥራው ዋጋ በመተመንና እርጅና በማስላት ብቻ የተወሰነ እንደሆነ ግን የሚገኘው ሌላ ድምር ነው፤ ከመጀመሪያው ይልቅ የተራቀቀ፣ ለመምህሩ ግን እንደ መጀመሪያው ዝም ያለ።

ስለሆነም አንድ ተቋም የንብረት ሶፍትዌር ሲመርጥ፣ ሲያሠራ ወይም ያለውን ሲገመግም አምስት ጥያቄዎችን ይዞ ቢቀርብ ይበቃዋል። ይህ ዕቃ አሁን የት ነው? በማን እጅ ነው? ይሠራል? እንዴትና መቼ ተገኘ? በዚህ ክፍል ውስጥ ሊኖሩ የሚገባቸው ዕቃዎች የትኞቹ ናቸው? ፈተናውም በስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን በቦታው መደረግ አለበት። አንድ መምህር አንድ ዕቃ ከመደርደሪያ ያንሣ፤ በመዝገቡ ይፈለግ። ከዚያም ከመዝገቡ አንድ መስመር ይመረጥ፤ ዕቃው ይፈለግ። በሁለቱም በኩል መልሱ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሳሉ በጥቂት ደቂቃ ከተገኘ መዝገቡ መዝገብ ነው። ካልተገኘ በኮምፒዩተር የተጻፈ የድሮ ሣጥን ነው።

የወረዳው ሒሳብ በአዲስ ዘመን መያዙ አይቀርም፤ ዕቃውም በይፋግ መኖሩ አይቀርም። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ የሚያሳጥረው መኪና ሳይሆን ሁለቱም ቦታዎች በአንድ ስምና በአንድ ቁጥር የሚጠሩት ዝርዝር ነው። ይህ ዝርዝር በሚቀጥለው የሰኔ ቆጠራ ከአንድ ላቦራቶሪና ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ሊጀመር ይችላል፤ አዲስ በጀት አይጠይቅም።